ከአንሶላው ወዲያ የነበረው ማር

ማንኪያ ጣሳ ውስጥ ሲዞር ከሰማሁ እስከ ዛሬ ድረስ እጄ ምግቡ ላይ ይቆማል። ዳባት በምሠራበት ቢሮ ከኮሮና ወዲህ ማንም ከማንም ጋር አይበላም፤ ሁሉም ምሳ ዕቃውን ይዞ በየጥጉ ነው። ባለፈው አንዲት ባልደረባዬ ጀርባዋን ሰጥታን በሶዋን ስትበጠብጥ ያ ድምፅ ተሰማኝና ደባርቅ የነበረችው የኪራይ ክፍላችን ትዝ አለችኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርን። እኔ ከዳባት ገጠር፣ ጓደኛዬ ከበየዳ መጥተን፣ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንዲት ክፍል አብረን ተከራይተን ነው የኖርነው። እኔ በየቅዳሜው ከቤት እንጀራና ወጥ አመጣለሁ፤ ለእሷ አባቷ በወር አንዴ በሶና ቆሎ ይዘው ይመጡ ነበር። ሁለቱን ስንቅ አንድ ትሪ ላይ እናቀርባለን፤ የማን የትኛው እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም። የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሁልጊዜ ለእኔ ነበር የምታጎርሰኝ። አልዋሽም፣ ቀናተኛ ነበርሁ። ከሌላ ልጅ ጋር ደብተር ስትዋዋስ እንኳ ፊቴ ይጠቁር ነበር።

ኮሮና መጣና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሲከፈት በማስክና በፈረቃ ሆነ። መምህራችን በር ላይ ቆመው፣ “ከአንድ ትሪ እንዳትበሉ፤ መጎራረስ ቀርቷል” ይሉናል። እኛ ቤት ገብተን እየሳቅን እንጎራረሳለን። አንድ እሑድ ከቤተሰብ ስመለስ ግን ክፍሏ መሃል ላይ ሲባጎ ተወጥሮ አንሶላ ተሰቅሎበት አገኘሁ።

“ምንድን ነው ይኸ?” አልኋት።

“ለየብቻ ብንበላ ይሻላል። በሽታው አይታመንም እኮ” አለችኝ፣ ዓይኔን ሳታየኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ሲደርስ እሷ ከአንሶላው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆንን። ማንኪያዋ ጣሳው ውስጥ መዞር ይጀምራል፤ ቶሎም አያቆም። አባቷ ንብ እንዳላቸው አውቃለሁ። በሶው ይኸን ያህል የሚበጠበጠው ማር ቢገባበት ነው፣ ማር ልከውላት ከእኔ ደብቃ ነው አልሁ። ማሩ አላስጎመጀኝም፤ መደበቋ ነው ያንገበገበኝ።

የባሰውን ደግሞ ከትምህርት ቤት ቀድሜ በተመለስሁበት ቀን አየሁ። የአከራያችን ልጅ ማዕድ ቤቱ ደጃፍ ቁጭ ብላ ታጎርሳታለች። ጓደኛዬ ማስኳን አገጯ ሥር አውርዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጎርሳለች። በሽታው የሚያስፈራት ከእኔ ጋር ስትሆን ብቻ ነው ማለት ነው። ያን ቀን ሰላም ስትለኝ ጀርባዬን ሰጥቻት ደብተሬን ገለጥሁ።

ለገና እሷ አገሯ አልሄደችም። እኔ ከቤት ዶሮ ወጥ ይዤ ተመለስሁ። ሆን ብዬ ምድጃውን ከአንሶላው አስጠግቼ አሞቅሁት፤ የቅቤውና የኮረሪማው ሽታ ክፍሏን ሞላት። ጣቴን እየላስሁ፣ አጥንቱን እየመጠጥሁ፣ እንዲሰማት አድርጌ በላሁ። ከወዲያ ማንኪያው ይዞራል።

“ገና እንዴት ነበር?” አለችኝ ከአንሶላው ጀርባ።

“ጥሩ ነበር” አልሁ። ብይ አላልኋትም።

ትንሽ ቆይታ ጀሪካኗን ይዛ ውኃ ልትቀዳ ወጣች። እኔም ማሩን ልቀምስ አንሶላውን ገለጥሁ። ጠርዙ የጎደጎደው ጣሳዋ እስከ ግማሹ ሞልቶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ጣቴን ነክሬ ላስሁ። ጨው ያለበት ውኃ ነው። የበሶው ከረጢት ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ትራሷ ሥር ነበር። ለካስ የምትበላ እንዲመስለኝ ውኃ ስታማስል ነው የከረመችው።

ስትመለስ ሲባጎውን በጥሼ፣ የተረፈውን ዶሮ ትሪ ላይ አቅርቤ ጠበቅኋት። የወደቀውን አንሶላ አየችና ገባት።

“መኪናው በበሽታው ሰበብ ታሪፉን እጥፍ አደረገው። አባየ መምጣት አልቻለም” አለች።

“ለአከራያችን ልጅ ነግረሽ ለእኔ ትደብቂያለሽ?” አልኋት። ያኔም ቅናቴ ነበር የሚናገረው።

“እሷ ጋ እንግዳ ነኝ፤ ቢያጎርሱኝ ነውር የለውም። ካንቺ ጋር ግን የየድርሻችንን አቅርበን ነው የኖርነው። ምን ይዤ ልቀመጥ?”

እጇን ይዤ አስቀመጥኋት። ቆርሳ እንደ ድሮው መጀመሪያ እኔን አጎረሰችኝ። ራሷ ሦስት ጎርሳ “ጠገብሁ” አለችና እጇን ሰበሰበች። እስከ ፈተናው ድረስ አብረን በላን፤ እሷ ግን ከዚያች ከሦስቷ አላለፈችም። ብለምን፣ ብቆጣም አልሆነም።

አሁን በየዳ አግብታ ትኖራለች። ኔትወርክ ሲኖር እንደዋወላለን፤ ማር ደብቀሽኛል ብዬ መጠርጠሬን ከነገርኋት ወዲህ በሣቅ ትፈርሳለች። ባለፈው ወር በዘመዷ እጅ ያንኑ ጠርዙ የጎደጎደ ጣሳ ማር ሞልታ፣ አፉን በላስቲክ አስራ ላከችልኝ። “የያኔው ማር ይኸው ደረሰ በያት” ብላለች።

ዘመዷን፣ “ደባርቅስ ለአከራያችን ልጅ ማር አድርሰሻል?” ብዬ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥሁት። ማሩን እስካሁን አልቀመስሁትም። ለብቻ መብላት አሁንም አልለመድሁም።