የጋሽ ይርጋ ሦስተኛ ውሃ

ቅዳሜ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል፤ አያት

ከቤቴ የወጣሁት ራሴ የተናገርኩትን ነገር ለማስተካከል ነው። ከእናቴ ከብርቄ ተወልጄ ያደግኩት ኮልፌ ነው፤ አሁን የምኖረው በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ አያት። የምሠራው አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሆን ሥራዬም ሻይ ላይ ነው። ሻይ ሲጠጣ ምላስን ያዝ የሚያደርገው ነገር ፖሊፊኖል ይባላል። እሱን ከቅጠሉ አውጥተን የሳንባ ካንሰር ሕዋስ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናያለን።

ባለፈው ክረምት ኮልፌ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ፣ ድንኳን ውስጥ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ሰው ሲሰማኝ ጊዜ ሞቅ አለኝና «ሻይ የሳንባ ካንሰርን ሲገድል በዓይኔ አይቻለሁ!» ብዬው አረፍኩ። በብልቃጥ ውስጥ መሆኑን ሳልናገር! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ። ለካ ጋሽ ይርጋ ከኋላዬ ተቀምጠው ኖሯል። የሠፈራችን የድሮ ሻይ ቤት ባለቤት ናቸው። የሳንባ ካንሰር እንዳለባቸው ያኔ አላውቅም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ልጃቸው ሰናይት ደወለችልኝ።

«አባዬ ሕክምናውን ካቆመ ወር ሊሞላው ነው» አለችኝ። «ቀን ሙሉ ሻይ ነው። ስለ ሐኪሙ ሳነሳበት 'የብርቄ ልጅ በዓይኗ አይታለች' ይለኛል። በፈጠረሽ፣ ነይና አንቺው ንገሪው።»

ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሦስት ሰዓት፤ ጦር ኃይሎች

ባቡሩ ጢም ብሎ ስለነበር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ቆሜ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የነበሩ እናት ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉኝ።

«አፌ ነው ጉድ የሠራኝ፣ እማማ።»

«ጥርስ ነዋ! ነጭ ሽንኩርት ያዢበት፣ ወዲያው ነው የሚተውሽ።»

አመሰገንኳቸው። አገሩ ሁሉ ሐኪም ነው፤ እኔም ድንኳን ውስጥ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፤ 18 ማዞሪያ

ከጦር ኃይሎች በታክሲ 18 ማዞሪያ ደረስኩ። ወራጅ ብዬ ስወርድ ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ሻይ ቤቱን ነበር። የለም። ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ባለሱቁ «ምን ልታዘዝ?» ቢለኝ «ሻይ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

እዚህ ጋ ረጅም አግዳሚ ነበር። እዚያ ደግሞ ቦምቦሊኖ የሚደረደርበት መስተዋት። ጋሽ ይርጋ በራዱን ከፍ አድርገው ሻዩን ከላይ እንደ ገመድ እያስረዘሙ ሲቀዱ አንዲት ጠብታ አትፈስም። በክረምት ቤታችን ሲያፈስ፣ ደብተራችንን ይዘን እዚያ ነበር የምናጠናው። አንድ ብርጭቆ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ በዚያች ብርጭቆ እስከ ማታ ብንቀመጥ ተነሡ የሚለን የለም። አይ ጊዜ! እንዴት እንደናፈቀኝ።

አራት ሰዓት ተኩል፤ ቀራንዮ

ቤታቸው ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ነው። ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ያ ትከሻ የት ሄደ? እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው በራ፤ ከአጠገባቸው የነበረውን ፔርሙስ አነሡ።

«ሐኪሜ መጣች! ሰናይት፣ ብርጭቆ አምጪላት።»

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ» አልኩ። «እኔ ያየሁት ብልቃጥ ውስጥ ነው። የቅጠሉን ፍሬ ነገር አውጥተን በቀጥታ ሕዋሱ ላይ ስናንጠባጥብበት ነው። እርስዎ የሚጠጡት ግን በሆድ ያልፋል፣ በጉበት ያልፋል። ሳንባ ጋ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሻይ ሰው አድኗል የሚያስብል ማስረጃ የለንም።»

የራሳቸውን የሻይ ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው ብዙ አዩት።

«ሦስተኛው ውሃ ነው በይኛ» አሉ።

የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጋሽ ይርጋ አንዱን ቅጠል ሦስቴ ያፈሉት ነበር። የመጀመሪያው ውሃ ደም ይመስላል፤ ሁለተኛው ደህና ነው። ሦስተኛው ቀለም ብቻ ነው፤ ቀረፋና ስኳር ተጨምሮበት ማምሻውን ለአላፊ አግዳሚው ይሸጣል።

«አዎ ጋሼ። ሦስተኛው ውሃ ነው።»

ሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ሰናይት ጀርባቸውን ደገፈቻቸው።

«ሰው ላይ የሠራሁት ዞሮ እኔው ላይ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግን ለእናንተ ለተማሪዎቹ አንድ ቀን ሦስተኛውን ቀድቼ አላውቅም። ታውቂ ነበር?»

አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

«እንግዲያው አንቺም ለእኔ አትቅጂው» አሉ። «ሕክምናው ያድነኛል?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። ተስፋ ያለው ግን እዚያ ነው። ሻዩንም ቢሆን ሐኪምዎን ጠይቀው ይጠጡ።»

ከግቢው ውጭ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ ይጣራል። ብርጭቆውን ሳይጠጡ አስቀመጡት።

«ሰናይት» አሉ፣ «የሆስፒታል ካርዴን የት አደረግሽው?»

አሥራ አንድ ሰዓት፤ አያት

ቤቴ ገብቼ ሻይ አፈላሁ። ፖሊፊኖል ላይ ለዓመታት ስሠራ አንድ ነገር አልገባኝም ነበር፤ የማውቀውን ግማሹን ብቻ ስናገር፣ ሌላውን ግማሽ ሰሚው ከራሱ ተስፋ ይሞላዋል። ያንን ያስተማሩኝ ሻይ ቀጂው ናቸው። የፈላውን ቅጠል ልደግመው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ሰናይት ከሆስፒታል ጻፈችልኝ። «ተራ ይዘናል። አንዲት ሴትዮ ሻይ ያድናል ብላ ጀምራ ነበር፤ አባዬ ወረፋውን በሙሉ ሰብስቦ ስለ ብልቃጡ እያስረዳ ነው።»