ዘበኛው ቢታመምስ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ድመት ጭኔ ላይ ወጥታ ተኛች። ሳላስበው መዳፌን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ። ከውስጥ የሚመጣው ያ ዝቅተኛ ንዝረት ሲነካኝ እጄን እሳት እንደነካው ሰው ሳብኩት። ጎረቤቴ «አትቧጭርሽም፣ አትፍሪ» አለችኝ። ፈርቼ አልነበረም። ያንን ንዝረት መዳፌ ድሮ ያውቀዋል፤ ያወቀውም ሰው ደረት ላይ ነው።

ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ከሆሳዕና ወጣ ካለችው ከፎንቆ መጥታ ከመናኸሪያው ጀርባ ቤት ተከራይታ የምትኖር ቀጭንና ሳቂታ ነበረች። ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የሁላችንን ሹራብ ትጠብቃለች። እኛ ስንፍና ይመስለን ነበር።

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሀዲይኛ አይችልም፤ ላብራቶሪያችን ደግሞ ባዶ ክፍል ነበር። ስለዚህ ሁሉን ነገር በምሳሌ ያስተምረናል። ኢንዛይም ለእሱ ቁልፍ ነው፤ ሴል ከነማዘጋጃ ቤቱ ሙሉ ከተማ ነው። እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ፈተና መኖሩን እንረሳ ነበር።

ልብ ላይ የደረስነው ዝናብ አባርቶ በነበረ አንድ ከሰዓት ነው። ከቆርቆሮው ጠብታ ይወርዳል፣ የእርጥብ ሹራብ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፣ በመስኮቱ የመኪና ጥሩምባና «ዱራሜ! ዱራሜ!» የሚሉ የረዳቶች ድምፅ ይገባል። አስተማሪው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጥቶ ፈገግ አለ።

«ስሙ! ልብ ማለት ይሄ መናኸሪያ ነው። መኪና በመግቢያው ይገባል፣ በመውጫው ይወጣል። በወጣሁበት ልመለስ ካለ ዘበኛው ይከለክለዋል። ቫልቭ የምንለው ያንን ዘበኛ ነው።»

ጓደኛዬ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዘበኛው ቢታመምስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። «ያኔማ ጉድ ፈላ! የወጣው ይመለሳል፣ የገባው መውጫ ያጣል፣ መጨረሻ ላይ መናኸሪያው ይዘጋል።»

ይህን ብሎ ወደ ሰሌዳው ዞረ። እሷ አልሳቀችም። እጄን በዴስኩ ሥር ያዘችና በሹራቧ ውስጥ አሳልፋ ደረቷ ላይ አስቀመጠችው። የልብ ምት አውቃለሁ፤ ይሄ ግን ምት ብቻ አልነበረም። በምትና በምት መሀል አንድ የሚንዘፈዘፍ ነገር ነበር።

«የእኔ ዘበኛ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር። ከዚያ ጉልበቷ አበጠ፣ በኋላም ልቧን ነካት። በየወሩ መርፌ ትወጋለች፤ ለምን እንደምትወጋ ግን በሚገባት ቋንቋ የነገራት አልነበረም። የነገራት ያ ምሳሌ ነው። መጨረሻውንም ጨምሮ ነገራት።

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ቀረች። የታመመው ዘበኛ የእሷ መሆኑን ለአስተማሪው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። ቅዳሜ ዕለት እኔን ይዞ ፎንቆ ሄደ።

በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጠላ ለብሳ አገኘናት። እናቷ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ መሀል፣ እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። አስተማሪው ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠ።

«ያልኩት ምሳሌ ነው» አላት። «ምሳሌ እንደ ሚኒባስ እስከሆነ ቦታ ያደርስሻል፣ ከዚያ...» ብሎ አቋረጠ። «አሁንም ምሳሌ አመጣሁ» አለና አንገቱን ደፋ። ከዚያ በቀስታ ቀጠለ። «ልብ ሕይወት አለው። በሩ፣ ማለት ቫልቩ፣ ሲላላበት ዝም ብሎ አይዘጋም። ይታገላል፣ ይሰፋል። ሐኪም ሊጠግነውም ይችላል። ያን ቀን ይሄን ሳልናገር ነው የወጣሁት።»

እናቷ ምን እንዳለ ጠየቁ። እሷ በሀዲይኛ ተረጎመችላቸው፤ በመሀሉ «መናኸሪያ»፣ «ዘበኛ» የሚሉት ቃላት ሲያልፉ ይሰማኛል። እናቷ የልጃቸውን ነጠላ አስተካክለው አንድ ነገር ተናገሩ። ልጅቷ እንደ ድሮዋ ከት ብላ ሳቀች። «‹ልበ ሰፊ መሆኗንማ እኔም አውቃለሁ› ትላለች።»

እስከዚያ ቀን እናቷ አዲስ አበባ ውሰዷት ሲባሉ እምቢ ይሉ ነበር። ደረት ቀዶ ልብ የሚነካ ሐኪም አዳኝ አይመስላቸውም። የሚጠገን በር እንዳለ ሲገባቸው ግን «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉ።

አዲስ አበባ ወሰዷት። መድኃኒት ተሰጣት፤ ለቀዶ ጥገናው ግን ወረፋ ጠብቂ ተብላ ተመለሰች። ፊቷ ትንሽ ወዝ አግኝቶ ዴስካችን ላይ ተቀመጠች። የልብን ምዕራፍ ለፈተና ያስጠናችኝ እሷ ናት።

ወረፋው ሳይደርስ ክረምት ገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ እያለ አረፈች፤ መተኛት ትንፋሽ ስለሚያሳጥራት በተቀመጠችበት።

ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ድንኳን ሥር ሲዘምሩ አስተማሪው ዳር ላይ፣ ዝናብ እየመታው ቆሞ ነበር። እናቷ ተነስተው ሄዱና እጁን ይዘው በሀዲይኛ አናገሩት።

«ምን አሉኝ?» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ።

«‹ልጄ ምን እንደሆነች ያስረዳኸኝ አንተ ብቻ ነህ› ነው የሚሉት።»

እንደ ምርቃት ይስማው ወይም እንደ ወቀሳ፣ እስከዛሬ አላውቅም። በተከታዩ ዓመት ከታች ክፍሎች ጋር ልብ ላይ ሲደርስ በመስኮት አየሁት፤ ሥዕሉን ስሎ ስሞቹን ጻፈ፣ ወደ ተማሪዎቹ ሳይዞር ደወል ተደወለ። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

ዛሬ እኔም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ምሳሌውን እናገርና የት ላይ እንደሚያበቃ ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። «መናኸሪያ አያመውም»፣ «መናኸሪያ አይፈራም» ይሉኛል። ከኋላ ወንበር አንዲት እጅ ዘግይታ ስትነሳ ግን ጠመኔዬን አስቀምጬ ወደ እሷ እሄዳለሁ።

በቅርቡ ፎንቆ ገበያ ሄጄ ነበር። በግርግሩ መሀል ከኋላዬ ሰው የዚያችን የዴስክ ጓደኛዬን ስም ጠራ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጠራ። ስዞር እናቷ ናቸው፤ ጎብጠዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። የሚያዩት እኔን ነበር።

«አቤት» አልኳቸው።