አሥራ ሁለት ሳጥን ትል

አጣቢዋ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ስትወጣ የተረፏት በረኪና የበላቸው ጣቶችና ቁጭ ማለት የማያውቅ ጀርባ ናቸው። በኮሪደሩ መጨረሻ ባለች አንድ ክፍል ከልብስ ሰፊ ልጇ ጋር ትኖራለች። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ሦስት የፕላስቲክ ሳጥኖች ተደራርበዋል፤ ትሎቿ እዚያ ናቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ሴቶች ሰብስቦ፣ የወጥ ቤት ትራፊ በትል እንዴት ማዳበሪያ እንደሚሆን ግማሽ ቀን አሠለጠነ። ለእያንዳንዷ ሳጥንና አንድ እፍኝ ቀይ ትል ሰጠ፣ ፎቶ አነሣ፣ «ማዳበሪያውን እኛው እንረከባችኋለን» ብሎ ሄደ። ሄደ ማለት ሄደ ነው። አሥራ አንዱ ሴቶች ጥቂት ወር ጠብቀው ትሉን ደፉ፤ ሳጥኑን ሽንኩርት አስቀመጡበት። ማን ይፈርድባቸዋል?

አጣቢዋ ግን አልደፋችም፤ ትሉ ሲራባ ሁለት ሳጥን ጨመረችለት። ልጣጩን ታደቅቃለች፣ የእንቁላል ቅርፊት ትፈጫለች፣ ከላይ በራሰ ጋዜጣ ትሸፍናለች። ምግቡን በአንድ ጥግ ብቻ ታደርጋለች፤ እሱን ሲጨርሱ በሌላው። ሁሉንም በአንዴ ከሞሉት ትራፊው ይግላል፣ ትል ደግሞ ሙቀት አይችልም። ይህን ያስተማራት የለም፤ በመጀመሪያው ወር ግማሹን ፈጅታ ነው ያወቀችው።

«እማዬ፣ ለእኔ እንዲህ አድቅቀሽልኝ ታውቂያለሽ?» ትላታለች ልጇ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ።

«አንቺ ጥርስ ነበረሽ።»

አንድ ሰኞ የጽሕፈት ቤቱ አስተባባሪ ፋይል በብብቱ ይዞ በሩን አንኳኳ።

«እማማ፣ እርስዎ ዘንድ ትሉ አለ አሉኝ።»

«አለ። ልትረከቡኝ ነው?»

«እሱ ይደርሳል። ሐሙስ እንግዶች ይመጣሉ፤ አሥራ ሁለቱንም ሳጥን ማየት ይፈልጋሉ። የእርስዎን ለሁሉም ብናካፍለውስ? ለአንድ ቀን ነው።»

«ትል ዳቦ ነው እንዴ የሚቆረስ?» ብላ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ግን ሴቶቹ መጡ፤ ከፊት የቆመችው ጎረቤቷ ባለሱቋ ናት። «እትዬ፣ ሳጥናችን ባዶ ከተገኘ ከመዝገብ ይሰርዙናል። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቧንቧ ተሰልፈን ኖረን፣ አሁን ታዋርጅናለሽ?»

ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ፤ ሰው በገዛ እጁ ቤቱን ለዘራፊ የሚከፍትበት። እሷንም ያዛት። «ለአንድ ቀን ብቻ። ምግብ እንዳትጨምሩበት» አለች። ሁሉም በአንድ አፍ እሺ አሉ።

ረቡዕ ጠዋት ትሉ ተካፍሎ ሳጥኖቹ በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ተደረደሩ። ለየሳጥኑ የደረሰው ወለሉን እንኳ አልሸፈነም። ይህ ለፎቶ አይሆንም። አጣቢዋ ወደ ቤቷ ስትመለስ አስተባባሪው ከገበያ ሁለት ጆንያ የጎመንና የሙዝ ትራፊ አስመጣ፤ አሥራ ሁለቱንም እስከ አፋቸው ሞልቶ፣ ክዳን ገጥሞ፣ አዳራሹን ቆለፈ። ንጹሕና የሞላ ሳጥን! ሪፖርት የሚወደው እንዲህ ያለውን ነው።

ሐሙስ ረፋድ እንግዶቹ ሲገቡ አጣቢዋ ከሳጥኗ ጀርባ ቆማ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። እንደ ትኩሳታም ሕፃን ሆድ ይግላል። ወደ አስተባባሪው ጠጋ ብላ «አሁኑኑ ይዘርገፍ፣ እየሞቱ ነው» አለችው።

«እማማ፣ እንግዶቹ ይሂዱ።»

ባለሱቋ ከኋላ ቀሚሷን ጎተተቻት። «እንግዶቹ ሊሄዱ ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ቻዪው በቃ።»

ዝም አለች። አንዱ እንግዳ ስለ ሴቶች ጥንካሬ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

የእንግዶቹ መኪኖች እንደወጡ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ሲሚንቶው ላይ ገለበጠቻቸው። ልጇ ከቤት ሮጣ መጥታ አብራት ተንበረከከች። ትሎቹ እንደ ራሰ ክር ጣታቸው ላይ ተልፈሰፈሱ። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ፈለጉ። አንድም የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

በሳምንቱ አስተባባሪው ወረቀት ይዞ መጣ፤ ባለሱቋም ተከትላው ደጃፉ ላይ ቆመች። «አሥራ ሁለቱም ሳጥኖች በሥራ ላይ ናቸው» ይላል ወረቀቱ። አሥራ አንዱ ፈርመዋል።

«ትሉ እኮ አልቋል» አለች አጣቢዋ።

«ወረቀቱ ስለ ሐሙስ ነው፣ እማማ። ሐሙስ ነበረ።»

«እማዬ፣ እንዳትፈርሚ» አለች ልጇ።

አጣቢዋ እስክሪብቶውን ተቀብላ ከስሟ ፊት ለፊት ቀስ ብላ ጻፈች፦ «ሐሙስ ሞቱ። እያየሁ ዝም አልኩ።» ከሥሩም ፈረመች።

አስተባባሪው አነበበው። አልተቆጣም፤ ወረቀቱን ለሁለት ቀዶ ኪሱ ከተተና ከፋይሉ ሌላ አወጣ። ቀድሞ ተተይቦ ያለቀ ነው፤ አሥራ አንድ ሳጥን፣ አሥራ አንድ ስም። የእሷ ስም የለበትም።

ባለሱቋ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ ገባች፤ በስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ ወረቀቱን አስደግፋ የመጀመሪያውን ፊርማ ፈረመች።