ስምንት ቤት፣ አንድ ሰማያዊ በር

ማትሪክ ሁለቴ ወድቄ ናዝሬት እናቴ ቤት በተቀመጥኩበት ዘመን፣ ቀበሌያችን የጤና ጥናት ትምህርት በሬዲዮ ሊሰጥ ነው ተባለ። መምህሩ አዲስ አበባ፣ እኛ ቀበሌ አዳራሽ፤ የቤት ሥራው በፖስታ ይላካል። የጨረሰ ሰርተፊኬት ያገኛል፤ ሰርተፊኬት ያለው ደግሞ ጤና ጣቢያ መዝገብ ያዥ ሆኖ ይቀጠራል። እኔ ገና ሳልማር ሰርተፊኬቱ የሚሰቀልበትን ምስማር ግድግዳው ላይ መትቼ ጨርሻለሁ።

ሬዲዮኑ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የባትሪ ድንጋዩ ስለሚደክም ቀደም ብሎ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ያረፍዳል። መምህሩ «ጤና ይስጥልኝ፣ ጓዶች» ሲል፣ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንደምን ሰነበቱ?» ይሉታል። ሊቀመንበሩ ይቆጣል።

«እሱ እኮ አይሰማችሁም!»

«እኛ ሰምተነው የለ እንዴ? ሰላምታ ተሰጥቶ ዝም ማለት ነውር ነው» ይሉና ቀስ ብለው ይቀመጣሉ።

ከትምህርቱ ሁሉ በደንብ የያዝኩት ሁለት ነገር ነው። ከሠፈራችሁ በየአምስተኛው ቤት ግቡ፤ ሰው የነገራችሁን ሳይሆን ዐይናችሁ ያየውን ጻፉ። ጥናቱ መጸዳጃ ቤት ያለውንና የሌለውን ለመለየት ነበር። ለእኔ ስምንት ቤቶች ደረሱኝ።

የመጀመሪያው የባቡር ሠራተኛ ቤት ነው። «እትዬ፣ መጸዳጃ ቤት አለዎት?» ብዬ ሚስቱን ጠየቅኩ።

«ታዲያስ! ሜዳ ነው እንዴ የምንኖረው?» ብለው በጓሮ፣ በቁልቋል አጥሩ ቀዳዳ አሾልከው ወሰዱኝ። ከሽንት ቤቱ አጠገብ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ደኅንነቴን ሲጠይቁኝ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም ያየሁትን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩ፦ ሰማያዊ በር፣ ላይኛው ማጠፊያ የወለቀ፣ ጣሪያው ላይ ባለ አንድ ጆሮ ድመት የተኛችበት።

ሁለተኛው የጋሪ ነጂው ቤት ነው። እሳቸው ደግሞ በሌላ ቀዳዳ አዙረው ወሰዱኝ። ያው በር፣ ያቺው ድመት። አሮጊቷም ዐይተውኝ እንደማያውቁ ሁሉ «አካም ጅርታ፣ ልጄ» አሉኝ።

እዚህ ላይ «አባባ፣ ይሄ እኮ የእኚህ እማማ ነው» ማለት ነበረብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አባቴ ሲሞት ድንኳን የተከሉልንን ሰው እንዴት በሽንት ቤት ጉዳይ ውሸታም እላቸዋለሁ? ደግሞ መምህሩ ዐይናችሁ ያየውን ጻፉ ነው ያለው፤ ዐይኔ ያየው ሰማያዊ በር ነው። ጻፍኩ። አምስተኛው ቤት ላይ ስደርስ አሮጊቷ አዘኑልኝ።

«ልጄ፣ አንቺም በርጩማ ላውጣልሽ እንዴ? እግርሽ አለቀ እኮ» አሉኝ።

ስምንተኛው ቤት የእኛው ሆኖ አረፈው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች። «ይግቡ» አለችኝ፤ እኔን ልጇን፣ በአንቱታ።

«እማዬ፣ መጸዳጃ ቤት አለን?»

«አለ እንጂ! ይምጡ ላሳይዎት።»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እዚሁ ነው የምኖረው። ዛሬ ጠዋትም ከሐዲዱ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ አብረን ነበርን።»

«ዛሬ መዝገብ ይዘሻል፤ እንግዳ ነሽ» ብላ እጄን ይዛ ወደ ሰማያዊው በር ወሰደችኝ። ድመቷ እንኳ ቀና ብላ አላየችንም።

ወረቀቱን በፖስታ ላክነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሳለ መምህሩ ስለ እኛ አነሣ።

«ከናዝሬት የደረሰን አንድ ጥናት አስገርሞናል። ስምንት ቤቶች፣ ስምንት ሰማያዊ በሮች፣ ስምንት ባለ አንድ ጆሮ ድመቶች። አጥኚዋ ጥናቱን ካላስተካከለች ሰርተፊኬት አይሰጣትም። የድመቶቹንም ጆሮ ምን እንደቆረጠው አጣርታ ትጻፍልን።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ ምስማሬ ትዝ አለኝ። ያኔ እናቴ ተነሥታ ሬዲዮኑ ላይ አፈጠጠች።

«ጓድ መምህር! እንግዳ ሲመጣብን ወንበር እንዋዋሳለን፣ ብርጭቆ እንዋዋሳለን። አንድም ቀን የከሰሰን የለም። ሽንት ቤት ብንዋስ ምን አጠፋን?»

«እውነቷን ነው!» አሉ ባለ ሰማያዊ በሯ እማማ ከጥግ። «ሽንት ቤቱስ ይሻላል፤ ከጓሮዬ አልወጣም፤ ወንፊቴን እኮ እስካሁን የመለሰልኝ የለም!»

ሬዲዮኑ ስለ ወባ ትንኝ ማውራቱን ቀጠለ። ሊቀመንበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ «አይሰማችሁም» አላለም።

በማግሥቱ ጥናቱን እንደ አዲስ ከራሴ ቤት ጀመርኩ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላም አላጣፋችም።

«እማዬ፣ መጸዳጃ ቤት አለን?»

ወደ ሐዲዱ አየች። «ይሄ ሰርተፊኬትሽ ያለ እኔ ሐፍረት አይገኝም ማለት ነው?» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። «ተዪው፣ አልጽፍም» አልኳት፤ ከልቤ ነበር።

«ጻፊ!» አለችና ጎትታ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«የለም» ብዬ ጻፍኩ። ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩት ፊደሉ ተንጋዷል። እናቴ በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ስለነበር፣ ወረቀቱን ነጥቃኝ በጣቷ እየተከተለች «የ... ለ... ም» ብላ አነበበችው። ከዚያ መለሰችልኝ።

«ቅደጂውና እንደገና ጻፊው» አለችኝ። «ከተጻፈ አይቀር ፊደሉ ይመር። በሬዲዮ የሚነበብ ነው።»