አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የሚቆመው ማሽን

ሰኞ ጠዋት፣ ልክ አራት ሰዓት ከሃያ ሲል ማሽኑ ቀጥ አለ...

በኢህአዴግ ጊዜ ነው። ከፍኖተ ሰላም መጥቼ ቡሬ አጠገብ ባለ አንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ በቴክኒሻንነት ከተቀጠርኩ ገና የመጀመሪያ ቀኔ ነው። እየሮጥኩ ሄድኩ። መብራት አልጠፋም፣ የተቃጠለም ነገር የለም። የውሃ ጥቅሎቹን እያነሣ የሚደረድረው ትልቁ የብረት ክንድ ግን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

የገረመኝ ሴቶቹ ሠራተኞች ናቸው። አንዷም አልደነገጠችም። እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ቆሙ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነካው ራሱ ተነሣ።

ማክሰኞ በዚያችው ደቂቃ ቆመ። ረቡዕም።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ምንድን ነው ይሄ ነገር?» አልኳቸው፤ ከሁሉም የቆዩት ሠራተኛ እሳቸው ናቸው።

«ብርቄ ናት ወንድማለም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አምና በዚህች ሰዓት፣ የወደቀ ጥቅል ላንሣ ብላ ማሽኑን በከበበው አጥር በር ገባች። ክንዱ መታት። ጅጋ፣ አገሯ ወስደን ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ በሰዓቷ ትመጣለች።»

ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው ግን «የመንፈስ ወሬ አታምጣብኝ! ዛሬውኑ አስተካክለው» አለኝ።

ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ ላፕቶፔን ሰካሁና ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብኩ። አገኘሁት... አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ለአምስት ደቂቃ ቁም ይላል። ሰው የጻፈው ነው።

ከእኔ በፊት የነበረው ቴክኒሻን አበባው ሥራውን ትቶ ፈረስ ቤት የምትባል ከተማ ገብቷል። ደወልኩለት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ ሳልጨርስ። «ወረድ በል... የበሩን መስመር እየው።»

የአጥሩ በር ሲከፈት ክንዱን የሚያቆም ሴንሰር አለ። ፕሮግራሙ ላይ ግን ሴንሰሩ ተዘሎ፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ ነው ተብሎ ተጽፏል። በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ማሽኑ የሚያውቀው ዝግ መሆኑን ነው።

«በየሰዓቱ እያስቆመ ሥራ አስፈታን፣ ዝለለው አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ዘለልኩት» አለ አበባው። «በሳምንቱ ብርቄ ገባች።»

«ከዚያ በኋላስ ለምን አልመለስከውም?»

«ያንን መስመር ድጋሚ መክፈት አቃተኝ። ያቺን አምስት ደቂቃ ብቻ ጻፍኩላትና ወጣሁ።»

ቀና ስል... እትዬ ጥሩዬ በዚያው በር ገብተው፣ ጎንበስ ብለው የተቀደደ ላስቲክ ይለቅማሉ። ክንዱ ጥቅል ይዞ ወደሳቸው እየዞረ ነው።

ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ እንዴት እንደመታሁት አላውቅም። ክንዱ ጭንቅላታቸውን ሊመታ አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ቀና ብለው አዩትና እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ሴንሰሩን ያኔውኑ መለስኩት። የብርቄን አምስት ደቂቃ ግን አልነካኋትም። ማሽኑ በቀን አሥር ጊዜ እየቆመ ሲያስቸግር ሥራ አስኪያጁ ግምገማ ላይ «ኪራይ ሰብሳቢ» ብሎ ፈረጀኝ፤ በወሩ አሰናበተኝ።

ዛሬ ሌላ ከተማ ነው የምሠራው። አዲስ ማሽን በተረከብኩ ቁጥር ስክሪኑ ምንም ይበል ምን፣ በሩን በእጄ ከፍቼ አያለሁ... እስኪቆም ድረስ አልተነፍስም።