ሲስተር አስካለ እና የአንድ ትንፋሽ ጸሎት

አይሆንም አልሁ። ዛሬ ጠዋት የሲስተር የእህት ልጅ ደውላ «ጋሼ ይርጋ፣ እቴቴ አረፉ» ስትለኝ፣ «የቷ እቴቴ?» ብዬ ጠየቅኋት። እያወቅሁ! ሰው መስማት የማይፈልገውን ሲነግሩት ይደነቁራል መሰለኝ።

ሲስተር አስካለ አርፈዋል፣ ወዳጆቼ። ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። እኔን ግን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና በአንድ ጣቴ ፊደል እየለቀምሁም ቢሆን ልጽፍ ተቀምጫለሁ። ብገድፍ ታገሡኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ የተመደብሁ አዲስ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት፣ ነበርሁ። ነጩን ጋወን ለብሼ ስወጣ አገሩ ሁሉ እኔን የሚያይ ይመስለኝ ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። ሲስተር አስካለ የክፍላችን ኃላፊ ነርስ ናቸው። የደምበጫ ሰው፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣ ቶሎ የሚሄድ።

በዚያ ክረምት ክፉ ጉንፋን ገባ። ሳንባ ላይ የሚወርድ፣ ጎበዙን ገበሬ በሦስት ቀን አልጋ ላይ የሚጥል። ክፍሉ ሞላ፤ ኦክስጂን ያለን ግን አንድ ሲሊንደር ነበር። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስጨንቀን ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ ከእነዚህ ሁሉ ሞት የቀረበው ማንን ነው?

ሲስተር የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ትንፋሹን በሰዓታቸው ይቆጥራሉ፣ ከዚያ በሽተኛውን «እስቲ በአንድ ትንፋሽ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙልኝ» ይላሉ። እሱን የማያውቅ ሰው በእኛ አገር የት ይገኛል? እመሃሉ ላይ «ሲሳየነ» የምትለዋን ቃል ሳይተነፍስ ያለፈ፣ ዳር አልጋ ይበቃዋል። ከዚያ በፊት የቆመ ሲሊንደሩ አጠገብ ይተኛል። አራተኛው ቃል ላይ እንኳ ካልደረሰ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤተሰቡን ጥራልኝ» ይሉኛል። ሲሳሳቱ ያየሁበት ጊዜ ትንሽ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ወሊድ ክፍል ተጠርተው ሄዱና ሁለት በሽተኛ ብቻዬን ተቀበልሁ። አንዱ ሮብ ገበያ ከሚባል አገር የመጣ ገበሬ ነው፤ ሦስተኛው ቃል ላይ ትንፋሹ አጠረ። ቤተሰቡን አስጠርቼ ሲሊንደሩን ለእሱ ሰጠሁ። ሁለተኛው ከደብረ ወርቅ መቋሚያቸውን ታቅፈው በቃሬዛ የመጡ መሪጌታ፣ የዜማ መምህር ናቸው። «ይድገሙልኝ» ብላቸው «ሲሳየነ»ን አልፈው እስከ አሜን አንዴም ሳያቋርጡ ወረዱት!

«እርስዎማ ከእኔም ይሻላሉ!» አልኋቸው። ዳር አልጋ ሰጥቼ ወደ ሌላ ሥራዬ ሄድሁ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ሲስተር ሲመለሱ ገና ከበሩ መሪጌታን አይተው ቆሙ። ጠጋ ብለው ጥፍራቸውን ተመለከቱ፤ ጠቁሯል። «መሪጌታ፣ ከደብረ ወርቅ በየት በኩል መጡ? እስቲ መንገዱን ይንገሩኝ» አሏቸው።

«ከቤት... ወጥተን...» አሉና ቀሩ። ሁለት ቃል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ በዜማ ትንፋሽ መቆጠብ የተማሩ ሰው ናቸው። ጸሎቱን ያስጨረሳቸው ልማድ ነው እንጂ ሳንባቸውማ ደክሞ ነበር። ይህን ያላሰብሁት እኔ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ!

ሰው ገደልሁ ብዬ እንባዬ መጣ። ሲስተር ዞር ብለውም አላዩኝ። መሪጌታን ቀና አድርገው በገዛ መቋሚያቸው ላይ አስደገፏቸው፤ ከዚያ ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈትተው ሰጡኝና፦

«ይርጋ፣ መጀመሪያ ቁጠር፣ ከዚያ ታዝናለህ» አሉኝ።

ቆጠርሁ። የገበሬውንም የመሪጌታንም ትንፋሽ እየቆጠርሁ፣ ለባሰበት ሲሊንደሩን እየወሰድን፣ ሲሻለው እየመለስን ቀናት አለፉ። ሁለቱም ተረፉ። መሪጌታ በእግራቸው ሲወጡ ትከሻዬን መታ አድርገው «ልጄ፣ ለደብተራ ሌላ ፈተና ፈልግለት» አሉኝ። ሲስተር ሲስቁ ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። ከዚያ በኋላ ካህን በመጣ ቁጥር የምንጠይቀው ጸሎት ሳይሆን መንገድ ሆነ።

ያቺን «መጀመሪያ ቁጠር» የምትል ቃላቸውን ዕድሜ ልኬን ሰማኋት። ባለቤቴ በጠና ታማ ሳለችም ደውለው ያችኑ ብለውኛል። ተቀይሜያቸው ነበር። ግን ትንፋሿን ቆጠርሁ፤ በመቁጠሬም ሐኪም ቤት በጊዜ ደረስን።

ባለፈው ሳምንት ሲስተር ራሳቸው በዚያው ዓይነት ጉንፋን ተኝተው ደወልሁላቸው። «እንዴት ነዎት?» ማለት ምን ይሠራል፣ ይዋሹኛል። «ሲስተር፣ ከደምበጫ ማርቆስ መጀመሪያ የመጡ ዕለት እንዴት መጡ?» አልኋቸው።

ጥቂት ጀመሩና አቋረጡ። ከዚያ ሳቅና ሳል ተደባልቆባቸው «አንተ... እየቆጠርህ ነው?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም!»

«ስንት... ላይ ቆምሁ?»

«ሩቅ ደርሰዋል፣ ሲስተር። ከእኔ ይሻላሉ።»

«ውሸታም» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት፣ አውቃለሁ። ስልኩን ዘግቼ ለእህታቸው ልጅ መልሼ ደወልሁና «አሁኑኑ ኦክስጂን ይደረግላቸው፣ ቤተሰቡንም ጥሪ» አልኋት። ሁሉም ደረሱ። ልጆቻቸው እጃቸውን ይዘው ነው የሸኟቸው።

ሲስተር አስካለ፣ በሕይወትዎ አንዴ ዋሽቼዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ቃል ነበር። ሦስት ብቻ።

ነፍስዎን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። እንዳስተማሩኝ መጀመሪያ ቆጥሬያለሁ፣ እመቤቴ። አሁን ይፍቀዱልኝ፣ ልዘን።