እርሳስ የለበትም

የእህቴ ባል ጋራዡ ውስጥ ጥይት ማፍሰስ ሲጀምር ከቤቱ ሰው የደገፍኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሳይመቸኝ ሲቀር እንዳልዘለው ነው። እህቴ ተቃወመች። ተቃውሞዋ የሚጠበቅ ስለነበረ፣ የሚጠበቅ ነገር ደግሞ ስለሚያሰለቸኝ፣ እኔ በሌላው ወገን ቆምኩ። የሚበላውን የሚያርስና የሚተኩሰውን የሚያቀልጥ ሰው ለማንም አይሰግድም እያልኩ፣ ከየመጽሐፉ የቃረምኩትን ሁሉ እራት ላይ ደረደርኩላት። እኔ በሕይወቴ አርሼም ተኩሼም አላውቅም።

የምንኖረው ቴክሳስ፣ ዩለስ የምትባል ከተማ ነበር፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያችን ላይ እግራቸውን በሚያወርዱበት ሰፈር። እኔ አየር ማረፊያው ፓርኪንግ መውጫ ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጬ ቲኬት እቀበላለሁ፤ የሚወጣ መኪና ሲጠፋ መጽሐፍ አነብባለሁ፣ ያነበብኩትን በእርሳስ አሰምራለሁ። የእህቴ ባል እዚያው ሻንጣ ይጭናል። እህቴ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ልጃቸው ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት ቀርተዋታል።

ሽጉጡን የገዛው ከእኛ ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለ ቤት በጠራራ ፀሐይ ተሰብሮ የተዘረፈ ሳምንት ነው። ከዚያ አዲሱ ፕሬዚዳንት ተመረጠ፤ ቴክሳስም መሣሪያችን ሊቀማ ነው ብሎ ወደ ሱቅ ተመመ። የጥይት መደርደሪያ ሁሉ ራቁቱን ቀረ። እሱ ለምርጫው የተደሰተውን ያህል ለመደርደሪያው አዘነ።

“ጋሼ፣ ጥይት የሌለው ሽጉጥ መዶሻ ነው” አለኝ። የጎጃም ልጅ ነውና በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። “መዶሻ እንኳ እጀታ አለው።”

መፍትሔውን የሰጠው አብሮት ሻንጣ የሚጭን፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ የቴክሳስ ሰው ነው። አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ማቅለጫ ድስትና እንደ ጉጠት የሚገጥም ቅርጽ ማውጫ አውጥቶ ሰጠው። የሚቀልጠውን ደግሞ ጎረቤት ከተማ ኧርቪንግ ጎሚስታ ከሆነ ያገራችን ልጅ በባልዲ አመጣ፤ ጎማ ሲመጣጠን ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ክብደቶች ናቸው። ቴክሳሳዊው ‘ሌድ’ ብሎ ስለሰጠው ስሙ ሌድ ሆኖ ቀረ። ሌዱ ቀለጠ፣ ሌድ ጨመርኩ፣ ሌድ አለቀ። ፓርክ እናደርጋለን፣ ኮል እናደርጋለን፣ የዚህ አገር ሥራ ሁሉ የዚህን አገር ስም ይዞ ነው የሚገባው። ዕቃው ያማርኛ ስም እንዳለው እንኳ አላሰብንም።

የሚያፈሰው ተራ ጥይት አልነበረም። ጫፉ ጉድጓድ ያለው ነው። ቅርጽ ማውጫው መሐል ቀጭን ዘንግ ይገባል፤ የቀለጠው ዙሪያውን ይፈስና ዘንጉ ሲነቀል ጥይቱ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሥጋ ሲያገኝ እንደ አበባ ይፈካና እዚያው ይቆማል ይባላል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ዘንጉ ከቀዘቀዘ ጥይቱ ይጨማደዳል፣ ከጋለ ይሻክራል፤ ከአሥሩ ስድስቱ ወደ ድስቱ ይመለሳሉ። ለምን ተራውን አትሠራም ብዬ ጠየቅኩት።

“የዚህ አገር ግድግዳ ካርቶን ነው፣ ጋሼ። ተራው ሌባውን አልፎ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ የልጄ አልጋ ድረስ ይሄዳል። ይሄኛው እዚያው ይቀራል። ማለቴ፣ እሷን አስቤ ነው።”

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን ሰቅሎ አንድ ያረጀ የሥራ ሸሚዝ ይለብስና ጋራዡ ይገባል። ጥንቁቅ ነበር። ትልቁን በር ይከፍታል፣ ጓንት ያጠልቃል፣ መነጽር ያደርጋል፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ከላይ ይቀረቅራል። ልጅቷ አንድም ቀን ጋራዡን አልረገጠችም። ከቀለጠው ላይ የሚንሳፈፈውን ጥቁር አሰር በማንኪያ እየገፈፈ ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል፣ ወለሉን ይጠርጋል። እኔ ወንበር ይዤ እቀመጥና ስለማያውቀው ነገር አወራለታለሁ።

አንድ ቀን እኔም ልሞክር ብዬ ተነሳሁ። ያወጣኋት ጥይት እንደ ደረቀ ቴምር ተጨማድዳ ወጣች። በጉጠት አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞራት።

“ይቺ አርጅታ ነው የተወለደችው።”

“አያቴ ደብተራ ነበሩ” አልኩት። “እጃችን ከቀለም ሌላ አይዝም።”

“ለዚህ ነዋ እጅዎ እንደ ዳቦ የለሰለሰ። ይቀመጡ፣ ጋሼ። ያውሩ። ወሬው ጥሩ ነው።”

ሲጨርስ መቀርቀሪያውን ይከፍታል። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ስትሰማ ልጅቷ ካለችበት ሮጣ ትመጣለች፣ ያነሳታል፣ ፊቷን አንገቱ ሥር ትቀብራለች። ጥርስ እያወጣች ስለነበር የሸሚዙን ኮሌታ የመምጠጥ ልማድ ነበራት። ብዙ ጊዜ እዚያው ደረቱ ላይ እንቅልፍ ይወስዳታል። እሱም እንዳትነቃ ብሎ ሸሚዙን ሳይቀይር ሶፋው ላይ ጋደም ይላል።

በየካቲት ለመደበኛ ምርመራ ከጣቷ ደም ተወሰደ። ከቀናት በኋላ እህቴ ብቻዋን ቤት ሳለች ከክሊኒኩ ደወሉ፤ አማርኛ አስተርጓሚም መስመሩ ላይ አስገቡላት። እኔ ከሥራ ስመለስ እህቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጇን ሶፋው ሥር ከትታለች። አጠገቧ ፌስታል ተቀምጧል፤ ውስጡ የእኔ እርሳሶች ናቸው። ባለ ላጲሱ፣ የታኘከው፣ መቅረጫው ሳይቀር።

“ምን እየሠራሽ ነው?”

“እርሳስ እየለቀምኩ።”

“እንዴት ነው ነገሩ?”

“ደሟ ውስጥ እርሳስ ተገኘ አሉ። ‘ቤታችሁ እርሳስ አለ ወይ፣ ልጅቷ አፏ የምትከተው?’ አለችኝ አስተርጓሚዋ። አለ አልኳት። ወንድሜ ሲያነብ በየደረሰበት ይጥለዋል አልኳት። ሶ፣ አስወግጂ አለችኝ። በሦስት ወር ተመልሳችሁ ኑ አሉ።” ቀና ብላ አየችኝ። “ስንቴ ነገርኩህ፣ አትጣል እያልኩ።”

ሳቅኩ። የሳቅኩትን ሳቅ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ነበር፣ ያወቀ ሰው ሳቅ። ከፌስታሉ አንዷን አውጥቼ ጫፏን አሳየኋት። በእርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም አልኳት። ጥቁሩ የከሰል ዘመድ ነው፤ ድሮ ሰዎች ከማዕድኑ ጋር አምታትተውት ስሙ ተጣብቆበት ቀረ፤ ፈረንጆቹም ራሳቸው እስካሁን ይሳሳታሉ። ልጅቷ አንድ ደርዘን ብትበላ ሆዷን ይቆርጣት እንደሆን እንጂ ደሟ ውስጥ ምንም አይገባም። ስለዚህ ወይ አስተርጓሚዋ ቃል ስታለች፣ ወይ ላቦራቶሪው ተሳስቷል። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ አዲስ ፍርሃት ካላገኙ አያድሩም፤ ዘንድሮ የእርሳስ ተራ ነው።

“እርግጠኛ ነህ?”

“አንብቤዋለሁ።”

“አንተ ካልክ እሺ” አለች። ቢሆንም ፌስታሉን ቋጥራ ጣለችው።

ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። እስካሁንም ትክክል ነው። ከግድግዳው ባሻገር አንድ ባልዲ እርሳስ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እችላለሁ የምል ሰው ስለ አንድ ቃል አመጣጥ ትምህርት ሰጥቼ ልጅቷን ለሦስት ወር ወደዚያ ኮሌታ መለስኳት። በሦስት ወር ውስጥ አሥራ ሁለት እሑድ አለ።

ለሁለተኛው ምርመራ እኔው ላስተረጉም አብሬያቸው ሄድኩ። እህቴ ልጅቷን ታቅፋለች፤ ባሏ ሥራ ነበር። ነርሷ ቁጥሩን ከወረቀት ላይ ነገረችን፤ ከመጀመሪያው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ከዚያ ጥያቄዎቹን በተራ ታነብ ጀመር። ቤታችሁ አሮጌ ቀለም አለ? የለም። ከውጭ የመጣ የሸክላ ዕቃ? የለም። ዓሣ ማጥመጃ ክብደት ወይም ጥይት የሚያፈስ፣ ሌድ የሚያቀልጥ ሰው አለ?

ቃሉን በጋራዡ ስሙ ስሰማው ባልዲው ፊቴ ድቅን አለ።

“ምን አለች?” አለች እህቴ።

ነርሷ ወረቀቷን ይዛ እየጠበቀች ነው።

“ምን አለች እኮ ነው የምልህ።”

“ሌድ አለች።”

“የእሱን ሌድ?”

“የእሱን።”

ልጅቷን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረቻት። “እርሳስ የሚሉት እሱን ነው?”

“እሱን ነው።”

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለነርሷ ራሷ በእንግሊዝኛ መለሰችላት፣ “የስ፣ ማይ ሀዝባንድ” ብላ። ከዚያ እኔን የሚያስተረጉመኝ ነገር አልቀረም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆና ደውላ ነገረችው። ስንደርስ ግቢው ውስጥ ቆሞ አገኘነው፤ የሥራ ሸሚዙን፣ ጓንቱን፣ ጫማውን በጥቁር ፌስታል አስሮ እግሩ ሥር አስቀምጧል። ልጅቷ ገና ከመኪናው ስትወርድ ወደ እሱ ሮጠች። እሱ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ መሣሪያ እንደተደቀነበት ሰው። ጨዋታ መሰላት። ጉልበቱን አቅፋ፣ አንጋጣ፣ እየሳቀች ትጠብቀዋለች።

“ጋሼ” አለኝ፣ እጁን ሳያወርድ፣ “ያንሷት።”

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ማነሱ ነው የገረመኝ። ድስቱን፣ ባልዲውን፣ ተሠርተው ያለቁትንና የተጨማደዱትን ጥይቶች ከተማው አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበልበት ቦታ አስረከበ፤ የተቀበለው ሰው ፈርም እንኳ አላለውም። ምንጣፉ ተነቅሎ ወጣ። ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ተወለወለ፣ በማግሥቱ ደግሞ ተወለወለ። ወተት፣ ጎመን፣ ብረት ያለው ሽሮፕ። መድኃኒት ይሰጣት ስንል ለዚያ የሚያበቃ ቁጥር አይደለም አሉን፤ ይህን ሲነግሩን ደስ እንዲለን ጠብቀው ነበር። ደም ውስጥ ያለው እያደር ይወጣል። አጥንት ውስጥ የገባው ይቆያል። አጥንት አይወለወልም።

እኔ እንደ ልማዴ አነበብኩ። የዓለም እርሳስ ታሪክ ሁሉ፣ ከጥንት የውኃ ቧንቧ እስከ ቤንዚን፣ በሁለት ሳምንት ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ለማንም አላወራሁም። እሱ ከሥራ ሲመጣ ጋራዡ ውስጥ ልብሱን አውልቆ፣ በጓሮ ዞሮ፣ ገላውን ታጥቦ ይገባል። ይህን ማድረግ ከጀመረ በኋላ ልጅቷ በሩን መጠበቅ ተወች። ሻንጣ ሲጭን የዋለ ሰው እርሳስ እንደሌለበት ነገርኩት። “ይሁን” አለኝ።

በመስከረም ቁጥሩ ወረደ። ገና ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ግን ወረደ። ሐኪሙ ጋ አራታችንም ገባን። ልጅቷ ሁለት ዓመት አልፏት የምትላቸው ቃላት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ያ ከእርሳሱ ይሁን፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ቋንቋ ስላለ ይሁን፣ ወይም ዝምተኛ ልጅ ስለሆነች ይሁን ማንም አያውቅም።

“እንደ ልጆች ሁሉ ትሆናለች ወይ በልልኝ” አለች እህቴ።

አልኩላት። ሐኪሙ ረጅም መልስ ሰጠ። ደግ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። አንዳንዶቹ ልጆች ምንም አይታይባቸውም፤ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ትኩረት ያንሳቸዋል፤ የትኛው ከምን እንደመጣ ለይቶ መናገር አይቻልም፤ ክትትሉ ይቀጥላል።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

“እናያለን አለ” አልኩ።

“ያን ሁሉ ያወራው እሱን ነው?”

“እሱን ነው።”

ያገሬ ሰው እናያለን ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እህቴ ታውቃለች። ሌላ አልጠየቀችም። ሐኪሙ ሊነሳ ሲል የልጅቷ አባት ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጋሼ፣ ይጠይቁልኝ። ልይዛት እችላለሁ ወይ?”

ሐኪሙ ጥያቄውን መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው እንዴታ፣ ሁልጊዜም አለ። ተረጎምኩ። አባትየው ግድግዳው ላይ ወዳለው መታጠቢያ ሄዶ እስከ ክንዱ በሳሙና ታጠበ። ሁለተኛ ታጠበ። መጥረጊያ ወረቀቱ አልቆ ነበር። እጁን ሱሪው ላይ ሊጠርግ ዝቅ አደረገና ሱሪውን አየ፤ ተወው። ውኃው ከጣቶቹ እየተንጠባጠበ እስኪደርቅ ድረስ እዚያው ቆመ። ልጅቷ ከእናቷ ጭን ላይ ሆና ታየዋለች።